ጠርሙስ ላይ ያፈጠጥንበት ሳምንት

ሰው ሲበላ አላይም ነበር። ይህን ሥርዓት የተማርኩት ከሀሁ በፊት ነው። ጎረቤት ደጃፍ ላይ ልጆች ቆሎ ሲቆረጥሙ የምናልፍ ከሆነ፣ አባቴ ማጅራቴን በሁለት ጣቱ ይይዝና ወደ መሬት ደፋ ያደርገኛል። «መንገድሽን እዪ» ይለኛል። አባቴ አያ አበጀ ቀጥቃጭ ነው። ከቡሬ ወደ ሽንዲ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር ማረሻ ይስላል፣ ማጭድ ይሠራል። የቀጥቃጭ ልጅ ምን ተብላ እንደምትጠራ መቼም አታጡትም። ያየችው ሕፃን ካስመለሰው በልታዋለች። ያየቻት ላም ወተት ከነሣች በልታታለች። እኔ እንጉዳይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሽሮ እንኳ በቅጡ የማልጨርስ ልጅ ነበርኩ። በስሜ የተበላውን ሕፃንና ከብት ሁሉ በልቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ በሁለት ሰው ተደግፌ ነበር የምሄደው።

ስለዚህ የመንደሩን ሰው ሁሉ የማውቀው በእግሩ ነበር። የቄስ ታረቀኝ ኮንጎ ጫማ ተረከዙ ላይ በሽቦ ተሰፍቷል። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ቢያድግልኝ የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር ጠቁሯል። ፊታቸውን ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ትምህርት ያቆምኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰባተኛ ክፍል ያለው ቡሬ ነው፤ ቡሬ ደግሞ የማላውቀው እግር ይበዛል። ዝምታን እንደ ሙያ ያዝኩት። «ዝም አይነቅዝም» ይባል የለ?

ነገሩ የጀመረው ከእጅ ፓምፓችን ነው። መንደሩ ያለው አንድ ፓምፕ ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ውሃው የገማ እንቁላል መሽተት ጀመረ። ቀጥሎ ጥቁር ነገር እንደ ክር እየተጎተተ አብሮት ይወጣ ጀመር። በመሀል እጀታው ተሰበረና አባቴ ተጠርቶ ቀጠለው። ትንሽ ቆይቶ እጀታው ቢወርድ ቢወጣ ውሃ የሚባል ጠፋ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ጠጋኝ ቧንቧዎቹን ከጉድጓዱ አንድ በአንድ ጎትቶ አወጣ። የላይኞቹ ደህና ናቸው። የታችኞቹ ግን እንደ ነቀዘ ባቄላ ተቦርቡረዋል። ጠጋኙ ራሱን እያከከ «አዲስ ቧንቧ ይዤ ከሚመጣው እሑድ በኋላ እመለሳለሁ» አለና ሄደ።

አያ ቢያድግልኝ ትንሿን ጣታቸውን ካንዱ ቀዳዳ ከተው አወጡ።

«የጥርስ ቦታ ነው» አሉ።

«ኧረ በማርያም!» አለች አንዲት ሴት።

«ብረት የሚበሳ ጥርስ እንግዲህ ማን እንዳለው… እኔ ስም አልጠራሁም። እጀታውን የነካው ማን እንደነበርም አልጠየቅሁም።»

እኛ ዘንድ ስም አይጠራም። እግሮቹ ግን ቀስ እያሉ ወደ አባቴ ሲዞሩ አየሁ። ሰው የሚጠቁመው በእጅ ጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

«እሳት ሳይኖር ጭስ የለም» አለ አንዱ።

«ታዲያ ይጨስለትና ይለፍልፍ!» አሉ አንዲት መነኩሲት፣ እማሆይ ጥሩ።

የተበላ ሰው ጊዜዋ የሚባለው ቅጠል ሲታጠን የበላውን ሰው ስም ይለፈልፋል ይባላል። ሰው ነው እንግዲህ፤ አፍ አለው። ቧንቧ ይለፈልፋል ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ከተበሱት ቧንቧዎች ደህናውን መርጠው ሁለቱን አፍ በጭቃ ወተፉ፤ ጭስ እንዳያመልጠው ነው ተባለ። ቀዳዳዎቹንም በጭቃ ደፈኑ። ድንጋይ ላይ አጋደሙትና ከሥሩ ጊዜዋውን ከእንጨት ጋር አነደዱት። አያ ቢያድግልኝ አዲስ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ስሙን ቀድመው ለመስማት ጆሯቸውን ወደ ቧንቧው አፍ አስጠጉ።

ቧንቧው መጀመሪያ ሲር አለ። ቀጥሎ ሆዱ ውስጥ አጉረመረመ።

«ጀመረ! ዝም በሉ!»

ዝም አልን። ቧንቧውም በሆዱ የቀረውን ዝቃጭ ከነውታፉ በአያ ቢያድግልኝ ጋቢ ላይ ተፋው። ሽታውን አልነግራችሁም፤ ምሳ ልትበሉ ትችላላችሁ። ሕዝቡ አንዱ ባንዱ ላይ እየወደቀ ሸሸ። እማሆይ ጥሩ በመቋሚያቸው መሬቱን እየተመረኮዙ ከሁሉም ቀደሙ።

እኔ ደግሞ ሳቅሁ። በሰው ፊት ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ሳቁ ለብዙ ዓመት የተጠራቀመ ስለነበር ለማቆም አስቸገረኝ።

«ትስቃለች!» አሉ አያ ቢያድግልኝ ጥቁሩን ከጺማቸው እየጠረጉ። «ያገር ብረት በልታ ትስቃለች! አያ አበጀ፣ ስማ። አዲሱ ቧንቧ ጉድጓድ ሳይገባ ከዚህ ትነሣለህ። ሽንዲም ሂድ፣ የፈቀድክበት ሂድ። ካለዚያ አዲሱንም ትበላዋለህ።»

«እሺ» አለ አባቴ።

እሺ! በቃ። አባቴ የሚመታው ብረት ብቻ ነው፤ ሙግት አያውቅም። እናቴ የተቀበረችበት፣ ወናፉ የተተከለበት፣ እኔ የተወለድኩበት ቦታ በአንዲት «እሺ» ሄደ።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ የማላውቀው ነጭ ስኒከር ሲሮጥ የመጣው። የቄስ ታረቀኝ ልጅ ሙሉቀን ነው። ውጭ አገር ይማራል፤ ገና ሳይጨርስ ሰው ሁሉ «ዶክተሩ» ይለዋል፤ መንገድ በተከፈተ ሰሞን ወላጆቹን ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። ሰው ሁሉ ከሽታው ይሸሻል፣ እሱ የእናቱን ወጥ ያሸተተ ይመስል ወደ ሽታው ይሮጣል።

«ይቺን ሽታ አውቃታለሁ!» አለ ቧንቧው ላይ ተደፍቶ። «አያ ቢያድግልኝ፣ ይኼ ዓይን አይደለም። ባክቴሪያ ነው። በዓይን የማይታይ፣ አየር በሌለበት ጨለማ የሚኖር ሕያው ነገር ነው።»

«ሕያው ነገር በልቶታል እያልክ ነው?»

«አዎ!»

«ይኸው! የተማረውም በልቶታል አለ!»

«የለም፣ የለም! በጥርስ አይደለም። እነሱ እንዴት ልበላችሁ… ይፈሳሉ። ይኼ የገማ እንቁላል ሽታ የነሱ ፈስ ነው። ብረቱን የሚቦረቡረው እሱ ነው።»

ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ምክንያቱ ሽታው ብቻ አልነበረም።

«ልጄ» አሉ ቄስ ታረቀኝ ቀስ ብለው፣ «በባሕር ማዶ ይኼን ነው የምትማር?»

«አባቴ ሙት ይኼንኑ ነው! ማለቴ፣ ይቅርታ አባ። በዚያ አገር ከአቶም ኃይል የሚተርፈውን ቆሻሻ በወፍራም የመዳብ ሣጥን አድርገው ከመሬት በታች ሊቀብሩት ነው። መቶ ሺህ ዓመት ሳይነካ መቆየት አለበት። የኔ ትምህርት እነዚህ ፍጥረታት ሣጥኑን ይበሱት ይሆን ወይ የሚል ነው።»

አቶም የሚለውን ሲሰማ ሕዝቡ ከስኒከሩ ራቀ።

«አቶሙን እዚህ ቀብረኸዋል?» አለች ያችው ሴት።

«ኧረ እኔ ምንም አልቀበርኩም!»

«እንግዲህ አሳየና» አሉ አያ ቢያድግልኝ።

«ምኑን?»

«ፈሳሙን ፍጥረት ነዋ።»

«በዓይን አይታይም አልኩ እኮ። መሣሪያ ያስፈልገዋል፤ መሣሪያው ደግሞ እዚያ ነው ያለው።»

«የአበጀ ዓይን ሲበላም አይታይም። ያንተም አይታይም። የሱን አባቶቻችን ነግረውናል፣ ያንተን የነገረን የለም። ማንን እንመን?»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ጥሩ ጥያቄ ነበር። ሙሉቀን አፉ ሥራ እንዳይፈታ ያህል «ውሃውን ብናፈላው ይሞቱ ነበር…» ብሎ አጉተመተመ።

እኔ ይህን ስሰማ አንድ ነገር መጣልኝ። ከዚያ በፊት የመጣልኝን ነገር ሁሉ ውጬ ነበር የምተወው። በዚያች ቅጽበት ግን የአባቴ «እሺ» ጆሮዬ ውስጥ ነበረች።

«ሁለት ጠርሙስ ይምጣ» አልኩ ለአያ ቢያድግልኝ ጥቁር ጥፍር።

«ማን ነው የሚያወራው?» አለ አንዱ። ድምፄን የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ነው።

«ከጉድጓዱ ውሃ እንቅዳና በሁለቱም አዲስ ምስማር እንክተት። አንዱን ሳናፈላ አንቱ ይውሰዱት። ጎታዎ ውስጥ ይደብቁት፤ የኛ ዓይን ከማይደርስበት። ሌላውን አፍልተን እኔና አባየ እንውሰደው። እስከ እሑድ ቁጭ ብለን እናየዋለን። ዓይናችን ብረት የሚበላ ከሆነ የኛው ምስማር ያልቃል። ያን ጊዜ እንነሣለን።»

«ቡዳ ተንኮለኛ ነው» አሉ አያ ቢያድግልኝ። «እዚያ ሆና ጎታዬ ያለውን ብትበላውስ?»

ቄስ ታረቀኝ መለሱላቸው፦ «ከሩቅ የሚበላ ከሆነማ አበጀ ሽንዲ መሄዱ ምን ይረባሃል?»

ሕዝቡ ሳቀ። ነገሩም በዚሁ ጸደቀ። ሙሉቀን ሁለት የአረቄ ጠርሙስ አጥቦ ቀቀለ። በሁለቱም አዲስ ምስማር ከተተና በአንዱ ጥሬውን፣ በሌላው የፈላውን ውሃ እስከ አፋቸው ሞላ፤ አየር እንዳይቀር ነው አለ። በሁለቱም ቁንጥር ስኳር ጨመረ።

«ይኼስ ለምንድን ነው?»

«የሚበሉት እንዲያገኙ።»

«ሻይም አፍላላቸው!» አለ አንዱ ከኋላ።

ቄስ ታረቀኝ የሁለቱንም አፍ በጧፍ ሰም ደፈኑና ሰሙ ሳይደርቅ የእጅ መስቀላቸውን ጫፍ ተጫኑበት። ማንም ከፍቶ ምስማር ሊቀይር አይችልም። ለአቶም ሣጥን ያን ያህል የተጨነቁት ሰዎች ይህን ማኅተም ቢያዩ ይቀኑ ነበር።

እኔና አባቴ ጠርሙሳችንን ይዘን ገባን። ወናፉ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና አፈጠጥኩበት። ማፍጠጥ እንዴት እንደሚከብድ አታውቁም። አንገቴ ራሱ እንቢ ይለኛል፤ ሳላስበው መሬት መሬት አያለሁ። ቀስ በቀስ ግን ጣፈጠኝ። የምስማሩን ጭንቅላት፣ ጫፉን፣ ጠርሙሱ ላይ የሚታየውን የራሴን ፊት ሳይቀር አየሁት። ፊቴ የተጣመመ ነበር፤ ጠርሙሱ ይሁን እኔ አላወቅሁም።

ሙሉቀን በማግሥቱ መጣ።

«ያኛው ይጠቁራል አይደል?» አልኩት።

«ይጠቁራል። እኛ ቤተ ሙከራ ዓመት የሚፈጅበት ጊዜ አለ እንጂ።»

«ዓመት?»

«እዚህ ይሞቃል፤ ስኳርም ሰጥተናቸዋል። ይፈጥናሉ። ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?» አልኩና ቀና ብዬ አየሁት። ለካ ዓይናፋር ነው፤ እሱም መሬት ያያል። ትከሻዬ ላይ የነበረው ጭነት ሁሉ «ይመስለኛል» በሚል ሰው ላይ እንዳረፈ ያን ጊዜ ገባኝ።

በሳምንቱ አጋማሽ ጉዳችን ፈላ። ከሰዓት በኋላ ከወንዝ ውሃ ቀድቼ ስመለስ የምስማሩ አንገት ላይ ቀይ ቀለበት አየሁ። ዝገት! እንስራዬን አውርጄ ወደ አባቴ ስዞር ወናፉን እየፈታ ነው። ቆዳውን ጠቅልሏል፣ መዶሻዎቹን በአቁማዳ ከቷል፣ ጀርባውን ለጠርሙሱ ሰጥቷል።

«አባየ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«አይተሽዋል።»

«ትንሽ ዝገት ናት። ሙሉቀን አየር ከቀረበት ትንሽ ሊዝግ ይችላል ብሏል።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ከጠዋት ጀምሮ አላየሁትም። አንቺ ስታይው ደህና ነበር። እኔ ማታ ትንሽ አየሁት፣ ጠዋት ቀላ።» ድምፁ ወረደ። «እንጉዳይ፣ ምናልባት ሳላውቀው እበላ እንደሆነስ?»

ይህን ከማንም ጠብቄ ከአባቴ አልጠበቅሁም። ሰው ሁሉ ቡዳ ሲለው ዝም የሚለው ውሸት መሆኑን ስለሚያውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ እሱም አያውቅም። ሰው ሲበላ ያላየው፣ እኔንም አንገቴን የደፋኝ፣ ሰው እንዳይናገረን ብቻ አልነበረም። ሰው እንዳይጎዳ ፈርቶ ነው። ስልሳ ዓመት ገደማ የገዛ ዓይኑን ፈርቶ የኖረ ሰው ነው።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ሄጄ አገጩን ያዝኩትና ቀና አደረግሁት፤ እንደ ሕፃን። አባት በልጁ እጅ አገጩ አይያዝም፤ እኔ ያዝኩት።

«እየው!»

«ተዪኝ።»

«እየው! የሚያልቅ ከሆነ ይለቅ፣ ሁለታችንም እንወቀው!»

አየው። እንባው ጺሙ ላይ እየወረደ አየው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን አፈጠጥንበት። ሐሙስም ዓርብም ቀለበቷ አልሰፋችም። ቅዳሜ ዕለት አባቴ «ይኼ ምስማር አሠራሩ ጥሩ አይደለም፣ ጭንቅላቱ ጠሟል» አለ። የምስማሩን ጉድለት ማውጣት ሲጀምር ልቤ አረፈ። ደህና ሆኗል ማለት ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፓምፑ ዘንድ ተሰበሰብን። የቀረ ሰው የለም። ጠጋኙም አንድ ቀን ቀድሞ መጥቶ ከአዲሶቹ ቧንቧዎች አጠገብ ቆሟል። የኛን ጠርሙስ ቄስ ታረቀኝ ወደ ፀሐይ አነሡት። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ምስማሩ ከዚያች ቀለበት በቀር እንደገባ አለ።

«ማኅተሙ የኔው ነው» አሉ። «ያንተስ?»

አያ ቢያድግልኝ ጋቢያቸው ሥር ደብቀው የያዙትን ጠርሙስ ቶሎ አላወጡም።

«አውጣው እንጂ!» አሉ ሚስታቸው። «ጎታውን ያገማው እሱ አይደለም እንዴ!»

ወጣ። ሕዝቡ አንድ ላይ «ኡ!» አለ። ውሃው ቀለም የተበጠበጠበት ይመስል ጠቁሯል። ቄሱ የራሳቸውን ማኅተም ገልብጠው አይተው ሲከፍቱት ያ ሽታ እንደገና መጣ። ምስማሩን አውጥተው ሲያዩት ጥቁር ለብሷል፤ በጥፍራቸው ሲፍቁትም ከሥሩ ሻክሯል። ሙሉቀን ጮኾ ዘለለ። እናቱ «ተው፣ ሰው ያይሃል» አለችው።

ከዚያ አንድ ወጣት ሳቀና «እንግዲህ አያ ቢያድግልኝ፣ ቡዳው እርስዎ ነዎት!» አለ።

ሳቁ መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ቀልድነቱ ቀረ። «እውነትም ባለፈው ጥጃዬን አይተውት…» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዲት እናት ልጇን ነጠላዋ ሥር ስታስገባ አየሁ። እግሮቹ መዞር ጀመሩ። አወቅኋቸው፤ እነዚያው እግሮች ናቸው።

አልዋሻችሁም፣ ደስ አለኝ። ለትንሽ ጊዜ በጣም ደስ አለኝ። ይቅመሷት አልኩ በሆዴ። የአያ ቢያድግልኝን ፊት ለማየትም ቀና አልኩ። እኔ ጅብ የመሰለ ሰው ነበር የጠበቅሁት። አንድ ዓይናቸው ሞራ የያዘው፣ ጉንጫቸው የገባ ሽማግሌ ናቸው። ደህናው ዓይናቸው ደግሞ መሬት መሬት ያያል። ያን አተያይ ከኔ የተሻለ የሚያውቀው ሰው የለም።

«አይደሉም!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ጠርሙሱ ጎታ ውስጥ ጨለማ ነበር። ማንም አላየውም። እሳቸውም አላዩትም። ማንም ሳያየው ነው የተበላው! ዓይን አይደለም የሚበላው። የማንም ዓይን!»

ቄስ ታረቀኝ መስቀላቸውን አነሡ። «ሰማችሁ?» አሉ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቡዳ የሚል ሰው፣ ጠርሙሱን አስታቅፌ ጎታ ውስጥ ነው የማሳድረው።»

አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ፦ «እኔ አልነሣም» አለ። ከዚያ ብዙ እንደተናገረ ሰው ደክሞት ተቀመጠ።

ጠጋኙ ጉድጓዱን በክሎሪን አጥቦ አዲሱን ቧንቧ አስገባ። ፕላስቲክ ነው። ሙሉቀን «ፍጥረቶቹ ፕላስቲኩን አይወዱትም» ብሎናል። ውሃው ዛሬ ምንም አይሸትም።

አንባቢዎቼ፣ መንደራችን ባንድ ጠርሙስ ተለወጠ ብዬ አላታልላችሁም። ሳልፍ አሁንም ሕፃን የሚሸፍኑ አሉ። እኔም ሆን ብዬ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ሙሉቀን አልፎ አልፎ ይደውላል፤ ለሙከራ ጭቃ ውስጥ የቀበሩት መዳብ ገና ምንም እንዳልሆነ፣ ቁጭ ብለው እየጠበቁ እንደሆነ ይነግረኛል። «መቶ ሺህ ዓመት ማን ያፈጥበታል?» ስለው ይስቃል። አንድ ነገር ግን ከሱ ትምህርት ተረፈኝ። ጨለማ ውስጥ ከድነው፣ አየር ነስተው ያስቀመጡት ነገር ደህና ነው ማለት አይደለም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። እኔ ከውስጥ ስቦረቦር ስንት ዓመቴ!

ባለፈው የገበያ ቀን የአያ ቢያድግልኝ ምራት በደጃችን ስታልፍ ቆመች። ወደ ቡሬ መሄዷ ነው። የያዘችውን ትንሽ ልጅ ከነቆሎው አውርዳ ደጃችን ላይ አስቀመጠችው። «እስክመለስ ካንቺ ጋር ይቆይ» አለችና ወደ ኋላ ሳታይ ሄደች።

ልጁ ተቀምጦ ቆሎውን ይቆረጥም ጀመር። አባቴ መዶሻውን አቁሞ አየኝ። እኔም ልጁ ፊት ለፊት ቁጭ አልኩና፣ የመጨረሻዋን ፍሬ እስኪጨርስ ድረስ፣ ሲበላ አየሁት።

ልጁ ደህና ነው። እንዲያውም ወፍሯል።